ለሺራዝ የሚሆን አፈር፦ በጎንደር ዙሪያ በጥቂት መጠን ወይን ለሚያለሙና ለሚጠምቁ የተዘጋጀ መመሪያ

በጎንደር ዙሪያ ወይን ለመትከል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የጓሮውን ለም መሬት ነው። ለብዙ ዓመታት ፍግና አመድ ሲጣልበት የኖረ፣ በቆሎውም ጎመኑም የሚያምርበት መሬት በመሆኑ ለወይንም ከሁሉ የተሻለ መስሎ ይታያል። ፍሬውን ለመብላት ብቻ ለሚተክል ሰው ምርጫው ክፉ አይደለም፤ ሺራዝ የተባለውን የቀይ ወይን ዝርያ ተክሎ ጥሩ ቀይ የወይን ጠጅ ለመጥመቅ ለሚያስብ ግን ያ መሬት የመጨረሻ አማራጭ ሊሆን ይገባዋል። የሺራዝን ጠጅ ባሕርይ በዋናነት የሚወስነው የአፈሩ ልምላሜ ሳይሆን፣ አፈሩ ውሃን እንዴት እንደሚያስገባ፣ ምን ያህል እንደሚይዝና ለሥሩ በምን ፍጥነት እንደሚለቅ ነው። ይህ መመሪያ አንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር ገደማ) ወይም ከዚያ ያነሰ መሬት ይዘው በዓመት ጥቂት መቶ ሊትር ለመጥመቅ ለሚያስቡ ሰዎች የተጻፈ ሲሆን፣ መሬቱን ከመምረጥ ጀምሮ የየአፈሩ ጠባይ በጠጁ ውስጥ ተለይቶ እስኪቀመስ ድረስ ያለውን ሥራ ያስረዳል።

አካባቢው ለወይን እንግዳ አይደለም። በእንፍራዝና በይፋግ በኩል ወይን ይለማ እንደነበር የቀደሙ ተጓዦች ጽፈዋል፤ ዛሬ ግን ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ዘቢብ እንኳ በአብዛኛው ከገበያ ይገዛል። በአገራችን ሺራዝ በስፋት የሚለማው በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ያለው የካስትል የወይን ጠጅ ኩባንያ እርሻ ጠጁን ለገበያ ያቀረበው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የዝዋይ እርሻ የሚገኘው 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን አፈሩም አሸዋማ ነው። ጎንደር ከተማ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከሥሯ ያለውም አለት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ባዛልት ነው። ስለዚህ ከዝዋይ የሚገኘውን ልምድ፣ በተለይም የውሃ አሰጣጡን፣ እንዳለ ወስዶ እዚህ ላይ መጠቀም አይቻልም። የራሳችንን አፈር ራሳችን ማጥናት ይኖርብናል።

አፈሩ በጠጁ ላይ የሚሠራው በምን መንገድ ነው?

ወይን በድንጋያማ መሬት ሲበቅል ጠጁ የድንጋይ ጣዕም፣ በቀይ አፈር ሲበቅል ደግሞ የብረት ጣዕም ይይዛል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ይህ ትክክል አይደለም። ሥር የሚወስደው በውሃ የሟሟ ንጥረ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ፍሬው የሚደርሰውም መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አለቱ ራሱ በምላስ አይገኝም። አፈሩ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው። ሐረጉ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ፍሬው ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ዘለላው ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ ወይም በቅጠል ይሸፈን እንደሆነ የሚወስነው አፈሩ ነው፤ የጣዕሙ ልዩነትም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዋናው መንገድ ውሃ ነው። ተክሉ ፍሬ ከያዘ በኋላ ፍሬው ቀለም መለወጥ እስኪጀምር ባለው ጊዜ ውስጥ አፈሩ የሚሰጠውን ውሃ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ከሄደ፣ ሐረጉ ማደጉን ያቆማል፤ ፍሬውም ደቃቅ ሆኖ ይቀራል። የቀይ ጠጅ ቀለም በሙሉ ማለት ይቻላል፣ አፍ ከሚያደርቀው ንጥረ ነገር ከታኒኑና ከመዓዛውም ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በፍሬው ቆዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ፍሬው ደቃቅ ሲሆን ከጭማቂው አንጻር ቆዳው ይበዛል፤ ጠጁም ይጠነክራል። ሺራዝ በዚህ ረገድ ልዩ ጠባይ አለው። ድርቀት ሲመጣ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቶሎ ስለማይዘጋ አፈሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ሳይቆጥብ ይጠጣል፤ ፍሬውም ለመብሰል ሲቃረብ ከሌሎች ዝርያዎች ይልቅ በቀላሉ ይጨማደዳል። በመሆኑም በዝግታ የሚመጣ መጠነኛ ጥማት ይጠቅመዋል፣ ድንገተኛ ጥማት ግን ይጎዳዋል። ከዚህ በታች ስለ አፈር የሚነገረው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከውሃ ቀጥሎ ናይትሮጅንና ፖታሲየም ይመጣሉ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ይልና ዘለላው በጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ጠጁም የተቆረጠ ሣር የሚሸት ጥሬነት ይይዛል። ሲያንስ ደግሞ እርሾው ምግብ አጥቶ መብላላቱ መንገድ ላይ ይቆማል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ያመጣል። ፖታሲየም በሺራዝ ላይ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ዝርያው ይህን ንጥረ ነገር በፍሬው ውስጥ በብዛት የማከማቸት ዝንባሌ ስላለው አሲዱ ይደክማል፣ የጠጁም ፒኤች፣ ማለትም አሲዱ ሲደክም ከፍ የሚለው የአሲድነት መለኪያ ቁጥር፣ ይወጣል። በምድጃ አመድ የበለጸገ የጓሮ አፈር ለሺራዝ የማይሆንበት ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ አመድ በፖታሲየም የተሞላ ነውና። ፒኤቹ የወጣ ጠጅ ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ አፍ ላይ ይልፈሰፈሳል፣ ለባክቴሪያም ይጋለጣል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ድንጋይ የበዛበት ደረቅ አፈር ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃ የያዘ ከባድ አፈር ግን ቀዝቅዞ ይቆያል። የሺራዝ መለያ የሆነው የቁንዶ በርበሬ መዓዛ የሚመጣው ሮተንዶን ከሚባል ውሁድ መሆኑን የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል፤ ይኸው ውሁድ በራሱ በቁንዶ በርበሬ ውስጥም ይገኛል። በቀዝቃዛ ቦታና ዘለላው ጥላ ባገኘበት ይበዛል፣ በሞቃትና ለፀሐይ በተጋለጠ ቦታ ይቀንሳል። በከፍታችን ምክንያት ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የጎንደር አካባቢ ይህን መዓዛ ለማግኘት የተመቸ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ በአንድ ከፍታ ላይ ባሉ ሁለት ማሳዎች መካከል ያለውን ልዩነት ግን የሚያመጣው አፈሩ ነው።

ዝርያው ከተወለደበት ከፈረንሳይ ሮን ሸለቆ የሚገኘው ምሳሌ ይህን ያጠናክራል። ኤርሚታዥ በተባለው ኮረብታ ላይ ስሙ የገነነው ሺራዝ፣ በዚያ አጠራር ሲራ፣ የሚበቅለው በአብዛኛው ከግራናይት በተሠራ ስስ አፈር ላይ ነው። በአቅራቢያው ባለው ኮት ሮቲ ደግሞ ሸክላና ብረት የበዛበት ክፍል ጠንካራና ብዙ ዓመት የሚቆይ ጠጅ ሲሰጥ፣ አሸዋማው ክፍል ለስለስ ያለና ቶሎ የሚጠጣ ይሰጣል። አውስትራሊያ ወይኑን ከአውሮፓ የወሰደችው በ1832 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በሂዝኮት በጥንታዊ ቀይ አፈር፣ በኩናዋራ በኖራ ድንጋይ ላይ በተነጠፈ ስስ ቀይ አፈር ላይ ታለማዋለች። አለቶቹ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። የሚያመሳስላቸው ውሃ የማይተኛባቸው፣ ልምላሜያቸውም መጠነኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ግራናይት ወይም ኖራ ድንጋይ የለንም ብሎ ማዘን አያስፈልግም፤ ባዛልቱ ላይ ይህንኑ ጠባይ መፈለግ ይበቃል።

በጎንደር ዙሪያ የሚገኙት አፈሮች

ከከተማው ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ ዋልካው ይጀምራል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በሚያዝያ ወር ስንጥቁ ክንድ እስከ ማስገባት ይደርሳል፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ለተመለከተም በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተበጠሱ ሥሮች ጫፍ ይታያል። ለጤፍና ለሽንብራ ይህ ጉዳት የለውም፤ ሰብሉ ከዚያ በፊት ታጭዷልና። ወይን ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ ቦታ የሚቆይ ተክል ነው። በክረምት ሥሩ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ አየር ያጣል፣ በበጋ ደግሞ ይበጠሳል። ከዋልካ የሚገኘው ሺራዝ በአብዛኛው መጀመሪያ በልምላሜ የሚያድግ፣ ከዚያም መብሰያው ላይ በድንገት የሚጠማ ተክል ይሆናል፤ ጠጁም በአንድ በኩል ጥሬ በሌላ በኩል የተጨማደደ ፍሬ ጣዕም ይቀላቀልበታል። ሌላ መሬት ያለው ሰው ዋልካውን ለእህል ይተወው። ሌላ የሌለው ሰው ደግሞ አፈሩን ቢያንስ በግማሽ ሜትር ከፍ አድርጎ ሰፊ መደብ ይሥራ፣ በመደቦቹም መካከል ውሃው ተጠራቅሞ የሚወጣበት ጥልቅ ፈሰስ ያውጣ።

በኮረብታዎቹ ትከሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከእርሻው በላይ ከቤቱ በታች የሚገኘው ቀይ አፈር በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ነው። ይህ አፈር ምንም እንኳ ሸክላ የበዛበት ቢሆን በብረቱ ምክንያት በጥቃቅን ፍርፋሪ ተያይዞ ስለሚቆም እንደ ዋልካ አያብጥም፤ ውሃ ያሳልፋል፣ የሚበቃውንም ያህል ይይዛል። አንዱን ጓል በጣት ሲጫኑት ዱቄት ወይም ጭቃ ከመሆን ይልቅ የሽንብራ ግማሽ በሚያህሉ ማዕዘናማ ፍርፋሪዎች ይበታተናል፤ አንዳንዱም ፍርፋሪ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ሥሩ በእነዚህ ፍርፋሪዎች መካከል ያለችግር ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ውሃውን በዝግታ ስለሚለቅ ሺራዝ የሚፈልገውን መጠነኛ ጥማት በራሱ ያመጣል። ጠጁ ቀለሙ የጠለቀ፣ አፍ የሚሞላ፣ ታኒኑ የለሰለሰ፣ የበሰለ እንጆሪና የፕሪም መዓዛ ያለው ይሆናል። ድክመቱ ብዙ ጊዜ አሲዳማ መሆኑና ፎስፈረስን አጥብቆ ይዞ ለተክሉ አለመስጠቱ ነው፤ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ ከመትከል በፊት ኖራ ያስፈልገዋል።

ጭንጫው ገበሬ የሚንቀው፣ ድንጋዩ ተለቅሞ የማያልቅ ተዳፋት ነው። ለሺራዝ ግን ከፍተኛውን ጥራት ሊሰጥ የሚችለው እሱ ነው፣ ከፍተኛውንም አደጋ የሚያመጣው እሱ ነው። ከአፈሩ ሥር ያለው ባዛልት ተሰነጣጥቆ ከሆነ ሥሩ በስንጥቁ ገብቶ ውሃ ይፈልጋል፤ ፍሬው ደቃቅ፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጠጁም ጠጣርና መዓዛው የታመቀ ይሆናል። አለቱ ያልተሰነጠቀ ድፍን ከሆነና አፈሩ ከ40 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ግን ተክሉ በየካቲት ፀሐይ ይደርቃል፣ ፍሬው ሳይበስል ይጨማደዳል፤ ጠጁም አልኮሉ የበዛ፣ አፍ የሚያደርቅ ይሆናል። ሁለቱን ከላይ አይቶ መለየት አይቻልም፣ መቆፈር ግድ ነው።

በመገጭና በአንገረብ ወንዞች ዳር ዳር የሚገኘው ደለል ለሽንኩርትና ለጎመን የተፈጠረ ነው። ሺራዝ በዚህ መሬት ላይ ሐረጉ መቆሚያ ያጣል፣ ዘለላው ይከብዳል፣ ጠጁም የቀጠነና ሣር ሣር የሚል ይሆናል። በርከት ያለ የቁንዶ በርበሬ መዓዛ ሊገኝበት ስለሚችል ጥቂት ረድፍ ተክሎ ከሌላው ጋር ማቀላቀል ያስኬዳል፤ ሙሉ እርሻ ግን አይመሠረትበትም።

ጉድጓድ ቆፍሮ አፈርን መመርመር

ምርመራው ሁለት ጊዜ መደረግ አለበት፤ አንድ ጊዜ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሌላ ጊዜ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መሬቱ በደረቀ ጊዜ። በአንድ ቃዳ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከመሐል፣ አንዱን ከታች፣ እስከ አንድ ሜትር ከሃያ ድረስ ያስቆፍሩ። በቀበሮ ጉድጓድ መልክ ጠባብ ሳይሆን ሰው ገብቶ የሚቆምበት ይሁን፤ አንደኛው ግድግዳ ለፀሐይ እንዲዞር ይደረግና በቢላዋ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ይፋቅ። ቀለሙ የት ላይ እንደሚለወጥ፣ ድንጋዩ ከየት እንደሚጀምር፣ የሣሩና የቁጥቋጦው ሥር የት ላይ እንደሚቆም በሜትር ይለኩና ይጻፉ። ግራጫ አፈር ውስጥ የዝገት መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ቁፋሮው ጊዜ ደረቅ ቢሆንም እንኳ፣ በክረምት ውሃ እስከዚያ ድረስ ተኝቶ ይከርማል ማለት ነው። ሥሮች በድንገት ወደ ጎን ታጥፈው ከተገኙ ደግሞ ከሥራቸው የማይታለፍ ንብርብር አለ፤ በማረሻ ዓመት ከዓመት እየተረገጠ የጠጠረ ከሆነ በድጅኖ ሊሰበር ይችላል፣ አለት ከሆነ ግን ቦታው ይለወጣል።

ከየንብርብሩ አንድ እፍኝ ይወሰድና ድንጋዩና ሥሩ ተለቅሞ እንደ ሊጥ እስኪለሰልስ በውሃ ይታሽ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ ጥብጣብ ያውጡለት። ሳይበጠስ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ከሆነ ሸክላ የበዛበት ነው፤ ከሁለት ተኩል እስከ አምስት የሚደርሰው ለሺራዝ ተስማሚ ወገን ነው፤ ከዚያ ቀድሞ የሚበጠሰው አሸዋ ወይም ደለል ያመዝንበታል። ጥርጣሬ ካለ አፈሩን በመስታወት ማሰሮ አንድ ሦስተኛ ሞልቶ፣ ውሃና ጥቂት የሳሙና ዱቄት ጨምሮ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ደለሉ በጥቂት ሰዓት፣ ሸክላው በቀን ወይም ከዚያ በላይ ይሰፍራል፤ የንብርብሮቹ ውፍረትም በማስመሪያ ይለካል።

ከሁሉ የበለጠ የሚናገረው ግን የውሃው ሙከራ ነው። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ውሃ ይሞላና እስኪሰርግ ይጠበቃል፤ ከዚያ እንደገና ይሞላል። ሁለተኛው ውሃ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንኳ ካልሰረገ ያ ቦታ ያለ መደብና ያለ ፈሰስ አይተከልበትም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ከተገኘ ደግሞ ጠባዩ ወደ ጭንጫው ያደላልና የመስኖው ዝግጅት አስቀድሞ ይታሰብ። በመጨረሻም ከላይኛውና ከታችኛው ንብርብር ናሙና ለአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ተሰጥቶ ፒኤቹ፣ ፖታሲየሙ፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ይታወቅ። የኖራው መጠን ከዚህ ውጤት ይወሰናል እንጂ በግምት አይጨመርም።

ውጤቱ በአንድ ወረቀት ላይ ካርታ ሆኖ ይሣል። ባለሙያ የሣለው መሆን የለበትም፤ ቀዩ የት እንደሚያበቃና ጭንጫው የት እንደሚጀምር ያሳይ እንጂ። ወይኑ የሚተከለው፣ ውሃ የሚጠጣው፣ የሚለቀመውም በዚህ ካርታ መሠረት ነው።

መትከልና ማጠጣት

ችግኙ ከታወቀ ንጹሕ ምንጭ የተገኘ፣ በኳራንቲን ሕግ የገባ ይሁን። ኖራ የሚያስፈልገው መሬት ከተከላው ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ይታረስና ይቀላቀል። ፍግ ለቀዩ አፈር በመጠኑ፣ ለጭንጫው ትንሽ በርከት ብሎ ይሰጥ፤ ለደለሉ ምንም አይሰጥ፤ አመድ ግን ለአንዱም አይጨመር። ተዳፋቱ በካብ እርከን ይያዝ፣ የተለቀመውም ድንጋይ ከማሳው አይጣል፤ ካቡ አፈሩን ከመያዙ በላይ ሙቀት ያጠራቅማል። በረድፍ መካከል ሁለት ሜትር ተኩል፣ በተክል መካከል በጭንጫው አንድ ሜትር፣ በቀዩ አፈር አንድ ሜትር ከሃያ፣ በደለሉ አንድ ሜትር ተኩል ይተው። በረድፎቹ መካከል በለማው ክፍል ሣር ይተውበት፤ በክረምት ትርፉን ውሃና ናይትሮጅን ሣሩ ይወስድለታል። በጭንጫው ክፍል ደግሞ ግብጦ ተዘርቶ ሳያፈራ ቢገለበጥ ናይትሮጅን ይጨምራል።

በእኛ አየር ወይኑ የሚገረዘው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ፍሬውም አምስት ወር ገደማ ቆይቶ በየካቲትና በመጋቢት፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት ይደርሳል። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። በብዙ የዓለም ክፍል ያሉ ገበሬዎች ለቀማ ሲደርስ ዝናብን ይፈራሉ፤ እኛ ግን ለተክሉ የሚደርሰውን ውሃ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በእጃችን መቆጣጠር እንችላለን። አፈሩ ክረምት ያጠራቀመው ውሃ በቀይ አፈር እስከ ኅዳር፣ በጭንጫ ግን እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንኳ ላይቆይ ስለሚችል መስኖ ግድ ነው፤ የጠብታ መስኖም ከሁሉ ይመረጣል።

ለቀዩ አፈር እንደ መነሻ ለአንድ ተክል በሳምንት ከ25 እስከ 30 ሊትር በአንድ ጊዜ መስጠት ይበቃል፤ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ ሥሩም ይከተለዋል። ያው ውሃ በጭንጫው ላይ በአንድ ጊዜ ቢፈስ በድንጋዩ ሾልኮ ይጠፋልና ከስምንት እስከ አሥር ሊትር እያደረጉ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ማካፈል ያስፈልጋል። ፍሬው ከያዘ በኋላ ቀለም እስኪለውጥ ድረስ በቀዩ አፈር መጠኑ ወደ ግማሽ ይቀነስ። ቀለም ከለወጠ በኋላ እንዳይጨማደድ በመጠኑ ይመለስለት። ከማንኛውም ቁጥር በላይ ግን የሐረጉ ጫፍ ይታይ። ጫፉ ከቅጠሎቹ ቀድሞ አጎንብሶ ወደ ፊት ከዘለቀ ተክሉ ገና እያደገ ነው፤ ውሃ በዝቷል። ቅጠሎቹ ጫፉን ደርሰው ከሸፈኑት እድገቱ ቆሟል፤ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሐረጉ የሚጠመጠምባቸው ቀጫጭን ክሮች ጠውልገው ከተንጠለጠሉ ወይም ከረገፉ ደግሞ ጥማቱ ከልክ አልፏል፤ በዚያው ዕለት ማጠጣት ነው። ቀለም መለወጫው ላይ ሐረጉ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከሃያ ደርሶ የቆመ ሺራዝ ፍሬውን በደንብ ያበስላል።

ለቀማና ጥመቃ

ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት ለጠጅ የሚበቃ ፍሬ ይገኛል። በአንድ ተክል ላይ ከሁለት ኪሎ ገደማ በላይ እንዳይቀር ትርፍ ዘለላው ቀለም ሲለውጥ ይቀነስ። ለቀማው በካርታው መሠረት ይከፈል። ጭንጫው ከቀዩ አፈር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊቀድም ስለሚችል ሁሉን በአንድ ቀን መልቀም የአፈሩን ልዩነት ያጠፋል። ስኳሩ ከ24 እስከ 25 ብሪክስ (በመቶ ግራም ጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር በግራም)፣ ፒኤቹ ከ3.5 እስከ 3.7 ሲሆን፣ የፍሬው ዘር ቡናማ ሆኖ ሲነከስ የሚሰበር ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ፒኤቹ በቀላሉ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም፤ ከ3.5 ወደ 3.8 ሲወጣ ጠጁን ከብልሽት ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የሰልፈር መጠን በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ፖታሲየም ከበዛበት ክፍል የመጣ ጭማቂ ፒኤቹ ወጥቶ ከተገኘ በሊትር አንድ ግራም ታርታሪክ አሲድ ቢጨመርበት 0.1 ገደማ ይወርዳል።

ከእያንዳንዱ የአፈር ክፍል ቢያንስ 50 ኪሎ ለብቻው ይጠመቅ፤ ከዚህ 30 ሊትር የሚያልፍ ጠጅ ይገኛል። ዕቃው ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የጠላና የጠጅ ጋን ምንም እንኳ ቢታጠብ በወይራ የታጠነ ስለሆነ ጢሱ የአፈሩን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት እርሾ፣ አንድ ዓይነት የሰልፈር መጠን፣ እኩል ቀናት ይሰጡ፤ አለበለዚያ በመጨረሻ የተገኘው ልዩነት ከአፈሩ ይምጣ ከእጅ ሥራው ማወቅ አይቻልም። ወደ ላይ የሚወጣው ቆዳ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ታች ይደፈቅ። ጥቂት መጠን ያለው ጥመቃ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ፣ በሌሊት ከ20 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ዕቃው በብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ ቀን ላይ ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ደግሞ በጥላ ይቀመጥ።

ከጭንጫው የመጣው ጭማቂ ናይትሮጅን ስለሚያንሰው የእርሾ ምግብ ሊያስፈልገው ይችላል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት ዳይአሞኒየም ፎስፌት በስሙ ከማዳበሪያው ዳፕ ጋር አንድ ቢሆንም፣ ለእርሻ የሚሸጠው ዳፕ ለምግብ ተብሎ ያልተጣራ ስለሆነ በምንም ምክንያት ወደ ጠጅ አይገባም። ለመጥመቂያ ተብሎ የተዘጋጀውን ያላገኘ ሰው የጭንጫውን ጭማቂ ከቀዩ አፈር ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ ቢጠምቅ ይሻለዋል።

ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ስኳሩ ሲያልቅ ይጨመቃል፤ አተላው ሲሰፍርም ይገለበጣል። የመጀመሪያው ዓመት ንጽጽር ከተደረገ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት አያያዙን እንደ አፈሩ መለየት ይቻላል። የቀዩ አፈር ጠጅ ከቆዳው ጋር ሁለት ሦስት ቀን ቢጨመርለት ይጠቀማል። የጭንጫው ግን ታኒኑ ብዙ ስለሆነ ቀደም ብሎ ይወጣ፣ ሲጨመቅም ለዘብ ይበል።

ልዩነቱን መቅመስ

ስድስት ወር ካረፈ በኋላ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይቀመሱ። ከአንድ ክፍል ሁለት ብርጭቆ፣ ከሌላው አንድ ብርጭቆ ይቀዳና ስማቸው ተሸፍኖ ለቀማሹ ይቅረቡ፤ ቀማሹም ልዩ የሆነውን አንዱን ብርጭቆ ይለይ። በዚህ መንገድ ደጋግመው መለየት ካልቻሉ፣ በካርታው ላይ ያለው ድንበር በጠጁ ውስጥ የለም ማለት ስለሆነ ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ መልቀም ይቻላል። ከለዩ ግን ልዩነቱ በምን እንደሆነ በራሳቸው ቃል ይጻፉ፤ አፍ የሚያደርቀው የትኛው ነው፣ ሣር የሚሸተው የትኛው ነው፣ ቁንዶ በርበሬው በየትኛው ይበልጣል። ሮተንዶንን ማሽተት የማይችሉ ሰዎች ስላሉ፣ የበርበሬውን ፍርድ ለአንድ ቀማሽ ብቻ አይተዉ።

የተጻፈው ሁሉ ወደ ማሳው ይመለሳል። ጠጁ አፍ ያደረቀበት የጭንጫ ክፍል በሚቀጥለው በጋ ቀለም ከለወጠ በኋላ የሚሰጠው ውሃ ይጨመርለት፣ ከጥቅምት ጀምሮም በረድፉ ሥር ገለባ ይነጠፍለት። ሣር የሸተተው ክፍል ፍጉ ይቁም፣ በዘለላው ዙሪያ ያለው ቅጠል ፍሬው እንደ ያዘ ይቀነስ፤ በምዕራብ በኩል ያለው ግን የከሰዓቱን ፀሐይ እንዲከላከል ይተው። ፒኤቹ የወጣበት ክፍል አፈሩ እንደገና ይመርመርና ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ከተገኘ ከክፍሉ የተገረዘው ሐረግ እዚያው ከመበስበስ ይልቅ ከማሳው ይውጣ። እነዚህ ለውጦች በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ ይደረጉ፤ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የሚቀጥለው ቅምሻ የትኛው እንደሠራ አይናገርምና።